በሞቃት ወራት የሚሰወር ሰብል፦ የዶክተር ካትሊን ድሩ-ቤከር ሕይወትና ሥራ

በጃፓን ደቡባዊ ደሴት በኪዩሹ፣ በኩማሞቶ ግዛት በምትገኘው የኡቶ ከተማ፣ የአሪያኬን ባሕር ቁልቁል በሚመለከት ኮረብታ ላይ የአንዲት እንግሊዛዊት የዕፅዋት ተመራማሪ መታሰቢያ ሐውልት ቆሟል። ሐውልቱን ያቆሙት የባሕር አልጌ የሚያመርቱ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ ኤፕሪል 14 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን፣ በሥፍራው ተሰብስበው ያስቧቸዋል፤ የባሕር እናት የሚል ስምም ሰጥተዋቸዋል። ተመራማሪዋ ዶክተር ካትሊን ሜሪ ድሩ-ቤከር ይባላሉ። በሕይወት ዘመናቸው ጃፓንን አንድ ቀን እንኳ ረግጠው አያውቁም።

እንግሊዛዊቷንና ጃፓናውያን አምራቾችን ያገናኘው አንድ የወቅት እንቆቅልሽ ነው። እንቆቅልሹን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ሰብሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ጃፓኖች ኖሪ የሚሉት ምግብ በባሕር ዳርቻ ድንጋይና እንጨት ላይ ተጣብቆ ከሚያድግ ቀይ አልጌ ይሠራል። አልጌው እንደ ስስ ጨርቅ የተዘረጋ ቅጠል መሰል አካል አለው። ተለቅሞ ይታጠባል፣ ይከተፋል፣ እንደ ወረቀት ተዘርግቶም ይደርቃል። በሩዝ ላይ የሚጠቀለለው ጥቁር አረንጓዴ ስስ ገበታ ይህ ነው። የዕፅዋት ሳይንስ ወገኑን ለረጅም ዘመን ፖርፊራ ሲለው ቆይቷል፤ በቅርብ ዓመታት በተደረገ የአመዳደብ ለውጥ የጃፓን ዝርያዎች ሌላ የወገን ስም ተሰጥቷቸዋል። እዚህ ላይ ግን እርሳቸው የሚያውቁትን የቀድሞውን ስም እንጠቀማለን።

በጃፓን ዳርቻዎች የኖሪ ቅጠል ብቅ የሚለው የባሕሩ ውኃ መቀዝቀዝ በሚጀምርበት በጥቅምትና በኅዳር ነው። በብርዱ ወራት ያድጋል፣ ይታጨዳል፣ መልሶ ያቆጠቁጣል። ፀደይ ገብቶ ውኃው ሲሞቅ ግን ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል፣ በመጨረሻም ፈጽሞ ይጠፋል። በእኛ አገር ክረምት በምንለው በሐምሌና በነሐሴ በጃፓን ሙቀቱ የሚበረታበት ጊዜ ነው፤ በእነዚያ ወራት በድንጋዩም ሆነ በእንጨቱ ላይ የኖሪ ርዝራዥ አይታይም። በመከር ወራት ደግሞ ማንም ሳይዘራው ተመልሶ ይበቅላል። ዘሩ በመካከሉ የት ከረመ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም።

መልሱ አለመታወቁ የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ፣ ባሕር ሰላጤ ነዋሪዎች በመከር ወራት የቀርከሃና የዛፍ ቅርንጫፎችን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በጭቃው ላይ ይተክሉ ነበር። የዓይን ብናኝ ከሚያህል ነገር የሚጀምረው ኖሪ በቅርንጫፎቹ ላይ ካረፈ ቤተሰቡ ዓመቱን ይኖራል፤ ካላረፈ ግን ብድር ውስጥ ይገባል። በኋላ ቅርንጫፉ በመረብ ተተካ፤ መረቡ ግን እንደ ቅርንጫፉ ሁሉ የሚጠብቀው ከየት እንደሚመጣ ያልታወቀ ዘርን ነበር። አንዱ መንደር ሲያፍስ ጎረቤቱ ባዶ እጁን ይቀራል። ኖሪ በዕድል የሚበቅል ሣር ይባል የነበረውም ከዚህ የተነሣ እንደሆነ ይነገራል። ዘሩን የማያውቅ ገበሬ ምርጥ ዘር መምረጥ፣ ለክፉ ቀን ማስቀመጥ ወይም ቦታ መለወጥ አይችልም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምርቱ ክፉኛ ባሽቆለቆለ ጊዜ አውሎ ነፋሱና የዳርቻው ውኃ መበከል በዚህ ላይ ሲደመሩ አምራቾቹ ጥፋቱን የሚጠግኑበት አንዳች መንገድ አልነበራቸውም።

የእንቆቅልሹ ቁልፍ የተገኘው ከዚያ እጅግ ርቃ በምትገኘውና የባሕር ዳርቻ በሌላት በእንግሊዟ የማንቸስተር ከተማ ነው። ካትሊን ድሩ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1901 በላንክሻየር ግዛት በሊ ከተማ ተወለዱ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ዕድሜያቸውን በደቡብ እንግሊዝ በሶልዝበሪ አሳልፈው ባገኙት የነፃ ትምህርት ዕድል ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ የዕፅዋት ሳይንስም አጠኑ። በ1922 በከፍተኛ ማዕረግ ተመርቀው በዓመቱ የማስተርስ ዲግሪያቸውን ጨመሩ፤ እዚያው ዩኒቨርሲቲም አበባና ዘር የሌላቸው ዕፅዋት በሚጠኑበት ክፍል መምህርትና ተመራማሪ ሆኑ። ከ1925 ጀምሮ ለሁለት ዓመት በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሊ የምርምር ዕድል አግኝተው ሠርተዋል፤ ናሙና ፍለጋም እስከ ሃዋይ ደሴቶች ተጉዘዋል። ልባቸው ያደላው ቀይ አልጌዎችን ወደ ማጥናት ነበር። የብዙዎቹ ቀይ አልጌዎች የሕይወት ዑደት የተወሳሰበና ከአንዱ ዝርያ ወደ ሌላው የሚለያይ በመሆኑ ትዕግሥትን የሚፈትን መስክ ነው።

በ1928 የማንቸስተር ባልደረባቸውን ሄንሪ ራይት ቤከርን አገቡ። ዩኒቨርሲቲው በዘመኑ ያገባች ሴት በመምህርነት የማይቀጥርበት ደንብ ስለ ነበረው በጋብቻቸው ምክንያት ከሥራቸው ተሰናበቱ። ደንቡ በዚያ ዘመን በብዙ የአውሮፓ መሥሪያ ቤቶች የተለመደ ነበር፤ የተለመደ መሆኑ ግን ጉዳቱን አያቀልለውም። በዓመታት ልፋት የተገኘ የሙያ ቦታ በአንድ የሠርግ ቀን ጠፋ። በኋላ ዩኒቨርሲቲው በምርምር ባልደረባነት ወደዚያው ቤተ ሙከራ መለሳቸው። ሁለት ልጆችን እያሳደጉ ማይክሮስኮፓቸውን ሳይተዉ ቆዩ፤ በ1939ም ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ከፍተኛውን የሳይንስ ዶክትሬት ሰጣቸው። በሕይወት ዘመናቸው በቀይ አልጌዎች ላይ በርካታ ጽሑፎችን አሳትመዋል።

ስለ ባለቤታቸውም አንድ ነገር እናንሣ። ሄንሪ ራይት ቤከር በማንቸስተር የቴክኖሎጂ ኮሌጅ የሜካኒካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ነበሩ። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን ዋሻ የተገኘውን፣ ዝገት ስለ በላው ሊዘረጋ ያልቻለውን የመዳብ ጥቅል በ1955 እና በ1956 በትንሽ ክብ መጋዝ በጥንቃቄ እየቆራረጡ እንዲነበብ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። ባልና ሚስቱ በአንድ ከተማ፣ በአንድ አሥርት ዓመት ውስጥ፣ አንዳቸው በመዳብ ሌላቸው በዛጎል ውስጥ ተሰውሮ የኖረን ነገር ለዓይን ማብቃታቸው ከመገጣጠም ያለፈ ትርጉም ላይኖረው ይችላል፤ ሳይነሣ ቢታለፍ ግን ያስቆጫል።

ወደ አልጌው እንመለስ። የጃፓኑ ኖሪ የቅርብ ዘመድ በብሪታንያ ዳርቻዎችም ይበቅላል። በተለይ የዌልስ ሕዝብ ከድንጋይ ላይ እየለቀመ ለሰዓታት ቀቅሎ፣ ከአጃ ዱቄት ጋር ለውሶና ጠብሶ የሚበላው ባህላዊ ምግቡ ነው። በብሪታንያ ዳርቻዎች አንዳንድ ዝርያዎች ዓመቱን ሙሉ ስለሚታዩ የወቅቱ እንቆቅልሽ እንደ ጃፓን ጎልቶ አይታይም ነበር። ተመራማሪዎችን ያስቸገራቸው በሌላ በኩል ነው። የፖርፊራ ቅጠል ሲጎመራ ስፖር የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን የመራቢያ ሕዋሳትን ወደ ውኃው ይለቃል። ስፖሮቹን በመስታወት ዕቃ ውስጥ ያሳደገ ሰው ቅጠል አላገኘም፤ ያገኘው ቀጭን ክር መሰል ነገር ነበር። ክሩ ጥቂት ካደገ በኋላ ይቆማል ወይም ይሞታል። ከስፖሩ እስከ ቅጠሉ ያለው መንገድ እዚህ ላይ ተቋርጦ ለብዙ ዓመታት ቆየ።

ዶክተር ድሩ-ቤከር ስፖሮቹን ከባሕር በተገኘ ዛጎል ላይ እንዲያርፉ አደረጉ። ሐሳቡ ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ መልሱ ያደረሰ አልነበረም። ክሮቹ በዛጎሉ ላይ ብቻ አልቀሩም፤ ወደ ውስጥ እየሰረሰሩ ገቡ፣ ቅርንጫፍ አወጡ፣ ዛጎሉንም በሐምራዊ ቀይ ጥላ ሞሉት። ይህ መልክ ለአልጌ ተመራማሪዎች አዲስ አልነበረም። በሞቱ የባሕር ዛጎሎች ውስጥ የሚኖር እንዲህ ያለ ቀያይ ነጠብጣብ ከ1892 ጀምሮ ኮንኮሴሊስ የሚል ስም ተሰጥቶት እንደ ራሱን የቻለ የአልጌ ዝርያ ተመዝግቦ ነበር። በመዝገብ ላይ ሁለት የተለያዩ ዕፅዋት ሆነው የሰፈሩት፣ አንዱ በድንጋይ ላይ የተዘረጋ ቅጠል፣ ሌላው በዛጎል ውስጥ የተደበቀ ክር፣ የአንድ ፍጥረት ሁለት መልኮች ሆነው ተገኙ። ግኝቱ በኔቸር መጽሔት ኦክቶበር 29 ቀን 1949 ከሁለት ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ ወጣ። በ1954 ደግሞ ሰፋ ያለውን ጥናት አሳተሙ።

ይህ ማለት ኖሪው በሞቃት ወራት ይለወጣል እንጂ አይጠፋም ማለት ነው። የውኃው ሙቀት ሲጨምርና ቅጠሉ ሲያረጅ የሚለቀቁት ስፖሮች በባሕሩ ወለል ካሉ ዛጎሎች ላይ ያርፋሉ፤ በዛጎሉ ውስጥም ከኃይለኛ ብርሃንና ከሙቀት ተጠልለው በክር መልክ ይከርማሉ። ቀኑ እያጠረ፣ ውኃው እየቀዘቀዘ ሲመጣ ክሩ በውስጡ ሌላ ዓይነት ስፖር ያዘጋጃል። ሙቀቱ ከ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ዝቅ ሲል ስፖሮቹ ይለቀቃሉ፤ አብዛኞቹም የሚወጡት ገና ጎሕ ሲቀድ በጧት ነው። በድንጋይ፣ በቅርንጫፍ ወይም በመረብ ላይ ካረፉ ቅጠል ይሆናሉ። ለሦስት መቶ ዓመታት ገበሬው የሚጠብቀው የመከር በረከት የሚወጣው እግሩ ሥር ከነበረ፣ ማንም ዞር ብሎ ካላየው ባዶ ዛጎል ነበር። የዛጎሉ ወለል ሲደፈን፣ ሲቆፈር ወይም በማዕበል ተጠርጎ ሲሄድ የሚቀጥለው ዓመት ምርት ለምን እንደሚነጥፍም በዚሁ ይገባናል።

በእርሻ ሥራ ላይ ላሉ አንባቢዎቻችን ጥያቄው እንግዳ አይሆንም። የስንዴ ግንድ ዋግ ከአንዱ ሰብል ወደ ሌላው ሰብል እስኪሻገር የት ይቆያል የሚለው ጥያቄ የአውሮፓን ገበሬዎች ለዘመናት አስጨንቋል። ዋጉ የሕይወቱን ከፊል ቤርቤሪስ በተባለ እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ እንደሚያሳልፍ ጀርመናዊው ሳይንቲስት አንቶን ደ ባሪ በ1865 አረጋግጧል። አንዱ የሚፈለግ ሰብል ሌላው የሚጠላ በሽታ ይሁን እንጂ ሁለቱም ያልታየው ወቅት ላይ ያለውን መልክ ካላወቁላቸው በቀር ለሰው ሐሳብ አይገዙም።

ዶክተር ድሩ-ቤከር ሥራቸውን ለጥቅም አላሰቡትም፤ ጃፓን ውስጥ ማን ይጠቀምበታል የሚል ሐሳብም የጥናታቸው መነሻ አልነበረም። ግኝቱ ግን በጃፓን በኪዩሹ ዩኒቨርሲቲ የአልጌ ተመራማሪ ከነበሩት ከሶኪቺ ሴጋዋ ዘንድ ደረሰ። ሴጋዋ ሙከራውን በጃፓኑ ኖሪ ላይ ደግመው አዩት፤ ሠራም። ሌሎች ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ደግሞ ከዛጎሉ ወደ ቅጠሉ የሚመልሰውን የመከር ጉዞ ተከታትለው ዑደቱን ዘጉት። ጉዳዩን ከቤተ ሙከራ አውጥተው በገበሬው እጅ ካስገቡት መካከል በኩማሞቶ የሠሩት ፉሳኦ ኦታ ስማቸው ጎልቶ ይነሣል። እርሳቸውና ሌሎች የባሕር ሥነ ሕይወት ባለሙያዎች ሰው ሠራሽ የዘር አያያዝ ዘዴን አዳብረው ለአምራቹ አበቁ።

ዘዴው በመሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በብርዱ ወራት ማብቂያ ከጎመራ ቅጠል የተገኙ ስፖሮች ወይም በቤተ ሙከራ የተያዙ ክሮች በኦይስተር ዛጎሎች ላይ ይረጫሉ። ዛጎሎቹ በጥላ በተሸፈኑ የባሕር ውኃ ገንዳዎች ውስጥ በሞቃቱ ወራት ሁሉ ይቀመጣሉ፤ ባለሙያዎች ብርሃኑንና ሙቀቱን እየተቆጣጠሩ ይንከባከቧቸዋል። በመከር ወራት የባሕሩ ሙቀት ዝቅ ሲል ዛጎሎቹ ስፖር ይለቃሉ። አንዳንዱ አምራች መረቡን በትልቅ መንኰራኩር ላይ ጠምጥሞ በገንዳው ውኃ ውስጥ እያሽከረከረ ስፖሩን ያስይዘዋል፤ ሌላው ዛጎሎቹን በከረጢት አድርጎ በባሕሩ ላይ ከተዘረጋው መረብ ሥር ያንጠለጥላል። የባሕሩ ውኃ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል መረቡ ለጥቂት ሰዓት ከውኃ ውጭ እንዲሆን ተደርጎ በችካል ላይ ይሰቀላል፤ ኖሪው መድረቁን ይችለዋል፣ የሚሻሙት ሌሎች አልጌዎች ግን አይችሉትም።

ከዚያ የቀጠለው ፈጠራ ደግሞ ለገበሬው ዋስትና የሰጠ ነው። ቡቃያው ገና ትንሽ ሳለ መረቡ በከፊል ደርቆ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ በባሕር ላይ ያለው መረብ በበሽታ ወይም በአውሎ ነፋስ ቢጠፋ የተቀመጠው ወጥቶ ይተካል። የወቅቶቹን ዑደት ከማወቅ በፊት አንድ ክፉ ሳምንት ዓመቱን ሙሉ ያበላሽ ነበር። አሁን ግን ዘር የሚቀመጥበት ጎተራ ተገኘ። ዛሬ በጃፓን ብቻ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠሩ የኖሪ ገበታዎች ይመረታሉ፤ በኮሪያና በቻይናም ምርቱ የሚቆመው በዚሁ ዕውቀት ላይ ነው።

ዶክተር ድሩ-ቤከር የዚህን ሁሉ ፍሬ አላዩም። በ1952 የብሪታንያ የአልጌ ጥናት ማኅበር ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነው የመጀመሪያዋ ፕሬዝዳንት ለመሆን በቅተዋል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 1957 በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። በዚያን ጊዜ በጃፓን ዘዴው ገና በመስፋፋት ላይ ነበር። ከኖሪው ንግድ ያገኙት አንዳች ገንዘብ የለም፤ የፈጠራ ባለመብትነትም አልጠየቁም። በአገራቸው ከሙያ ባልደረቦቻቸው ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነበር። የኡቶው ሐውልት ኤፕሪል 14 ቀን 1963 ሲመረቅ በሌላው የዓለም ጫፍ ላለች ሟች ሴት ምስጋና ያቀረቡት ከእርሳቸው ጋር ቋንቋም አገርም የማይጋሩ የባሕር ሠራተኞች ነበሩ። መንግሥታት ለጦር አለቆች ሐውልት ሲያቆሙ ማየት ለምደናል፤ የዳርቻ ገበሬዎች ለአልጌ ተመራማሪ ሲያቆሙ ማየት ግን ብርቅ ነው።

ዛሬ አምራቾቹ ሌላ ችግር ገጥሟቸዋል። የባሕሩ ውኃ በመሞቁ መከሩ ይዘገያል፤ ዛጎሎቹ የሚጠብቁት ቅዝቃዜ እንደ ቀድሞው በወቅቱ አይመጣም፤ መረቡ ወደ ባሕር የሚወርድበት ቀን በዘገየ ቁጥር የአጨዳው ዘመን ከሁለቱም ጫፍ ያጥራል። በአሪያኬ ባሕር ደግሞ ኖሪው የሚመገባቸው ማዕድናት በሚያንሱበት ዓመት ቅጠሉ ቀለሙን እያጣ ምርቱ ዝቅ ይላል። ተመራማሪዎች ሙቀት የሚችሉ ዝርያዎችን ለመምረጥ የሚሠሩት ዶክተር ድሩ-ቤከር ባገኙት የዛጎል ውስጥ ክር ላይ ነው፤ ዝርያ የሚጠበቀውና የሚዳቀለው በዚያ መልኩ ሳለ ነውና።

በሚያዝያ ወር፣ የመታሰቢያው ቀን በሚውልበት ሰሞን፣ በአሪያኬ የመጨረሻዎቹ መረቦች ከባሕር ይነሣሉ፤ ችካሎቹም ይነቀላሉ። በዳርቻው ባሉ ጥላማ ገንዳዎች ውስጥ ግን ነጫጭ የኦይስተር ዛጎሎች ተደርድረዋል። ቀስ በቀስ ሐምራዊ ነጥቦች ይታዩባቸዋል፤ ከዚያም እስከ መከር ይጠብቃሉ።